የእንቅልፍ ግንዛቤ ዘመቻ ልናዘጋጅ ነው፤ ከፖስተር ያለፈ ምን ይሠራል?

የፈረቃ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ሌት ተቀን በማይቆም ፋብሪካ ውስጥ ነው። የጤናና ደህንነት ኮሚቴ አባል ስለሆንኩ የዓለም የእንቅልፍ ቀንን ምክንያት አድርገን የአንድ ሳምንት ዘመቻ እንዳዘጋጅ ተነግሮኛል። ቀኑ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ የሚታሰብ ነው። በማርች ወር ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ዕለት በፊት ባለው አርብ ይውላል።

ጉዳዩን ከልቤ ነው የያዝኩት። ሌሊት ሠርተው ጠዋት የሚወጡትን ልጆች አያቸዋለሁ። ዓይናቸው ቀልቶ፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ቆመው እያንጎላጁ ነው መኪና የሚጠብቁት።

ከላይ የተላከልኝ የፖስተር ናሙና የተኛች ሴት ፎቶ አለው። ከሥሩ «በቀን 8 ሰዓት ይተኙ፣ ጤናዎን ይጠብቁ» ይላል። ለአንድ የማሽን ኦፕሬተር አሳየሁት። አነበበውና «መቼ?» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። እንዲህ ያለ ዘመቻ ያዘጋጀ ወይም የጠቀመው ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሲስተር፦
ወንድሜ፣ ያ ኦፕሬተር ሥራህን አቅልሎልሃል። ቆሞ ላደረ ሰው እንቅልፍ ጥሩ ነው ብሎ መንገር ለተጠማ ስለ ውሃ ጥቅም ማውራት ነው። እሱ የጠየቀህ መቼና እንዴት እንደሚተኛ ነው። ዘመቻህ እሱን ይመልስ።

ነርስ ነኝ። ብዙ ዘመኔ ያለፈው ማዋለጃና ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው፣ አብዛኛውም በሌሊት ተረኝነት። በእንቅልፍ ዙሪያ ከተደረጉ ዘመቻዎች ሕይወት ያተረፈው የቱ ነው ብትለኝ ሳላመነታ የሕፃናቱን እጠራለሁ። ድሮ በብዙ አገር ሕፃን በሆዱ ይተኛ ይባል ነበር። ሐኪሞችም እንደዚያ ይመክሩ ነበር። ኋላ ላይ ደህና የነበሩ ሕፃናት በተኙበት ድንገት የሚሞቱበት አደጋ በሆድ ከመተኛት ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። ኒውዚላንድና ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1991፣ አሜሪካ በ1994 አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመሩ። መልእክቱ አንድ ነበር፦ ሕፃኑን በጀርባው አስተኙት። በአሜሪካ ያ ሞት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ።

ይህ ዘመቻ ለምን ሠራ? የጠየቀው ነገር አንድ ነው። ዛሬ ማታ ይደረጋል። ገንዘብ አይፈልግም። የሚያደርገውም ሰው ራሱ መልእክቱን የሰማው ነው። ሌላም አለ። እናቶች ልጁን በጀርባው ለማስተኛት የሚፈሩት ቢያስመልሰው ትን ይለዋል ብለው ነው። እኔ ወረቀት ከመስጠት ይልቅ አልጋው አጠገብ ቆሜ ጣቴን የልጁ አንገት ላይ አድርጌ አሳያለሁ። በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከሥር ነው። ከሆድ የተመለሰው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ቧንቧው ውስጥ መግባት ይከብደዋል። በሆዱ ሲተኛ ግን የአየር ቧንቧው ከሥር ይሆናል። ይህን ያየች እናት ስትወጣ ለባሏ ራሷ ስታስረዳው ሰምቻለሁ። ፍርሃቷን ሳልነካ «በጀርባው አስተኚው» ብላት እሺ ብላኝ ቤቷ ስትገባ ትገለብጠው ነበር።

አሁን ወደ አንተ ልጆች ልምጣ። «8 ሰዓት ተኛ» የሚደረግ ነገር አይደለም። እንቅልፍ በትእዛዝ አይመጣም። አዋቂ ሰው በቀን 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይተኛ የሚለው ምክር ትክክል ነው፣ ግን ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ የወጣ ሰው አካሉ ደክሞ ሳለ የሰውነቱ ሰዓት ንቃ ይለዋል። ብርሃን ያንን ሰዓት የሚያስተካክል ዋናው ነገር ነው። ስለዚህ የሚጨበጥ ነገር ስጣቸው። የመኝታ ክፍሉ መስኮት በወፍራም ጨርቅ ይሸፈን። ካፌይን ያለው ነገር በፈረቃው የመጀመሪያ አጋማሽ ብቻ ይጠጣ፣ ምክንያቱም ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ስልክ ሌላ ክፍል ይደር። ቤተሰብም ይነገረው። የሌሊት ሠራተኛን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መቀስቀስ ሌላውን ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንደ መቀስቀስ ነው። ይህን ለቤት ሰው የሚነግር ግማሽ ገጽ ጽፈህ ሠራተኛው ይዞት ይሂድ። በእኔ ቤት ከሁሉም የጠቀመው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበልህ። ዘመቻው ሠራተኛውን ብቻ የሚመክር ከሆነ ያሳዝነኛል። የፈረቃውን ፕሮግራም የሚያወጣው እሱ አይደለም። ካሊፎርኒያ የወጣቶቹን እንቅልፍ ለወጣቶቹ ምክር ብቻ አልተወችውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሕግ አወጣች፣ ከ2022 ጀምሮ አብዛኞቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2:30 በፊት ትምህርት መጀመር አይችሉም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግም ሠራተኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልተቋረጠ የ11 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል። የእናንተን ፕሮግራም አይተኸዋል? ፈረቃው ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ሌሊት የሚዞር ከሆነ ሰውነት ይቀለዋል። ወደ ኋላ የሚዞር ከሆነ እዚያ ላይ ጀምር።

ማታ የማትተኛ፦
ሲስተር ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ከእኔ አንድ ልመና አለኝ፦ እባክህ አታስፈራራ። እንቅልፍ አጥቼ ስሰቃይ በሄድኩበት ሁሉ «ካልተኛህ ልብህ፣ ስኳርህ፣ አእምሮህ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ አየው ነበር። ማታ ስጋደም እሱ ይመጣብኛል። ሰዓት አያለሁ፣ የቀረኝን እቆጥራለሁ፣ ዓይኔን ሳልከድን ይነጋል።

የረዳኝ የእንቅልፍ ማጣት የባህሪ ሕክምና ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት ይህ ይሞከር ብሏል። በእኔ ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው እንቅልፍ አልመጣ ሲል ከአልጋ መነሳት፣ ሲያንገላጀኝ ብቻ መመለስ ነበር። ክፍል ማጨለምና ካፌይን መተው ብቻውን ለእንደኔ ዓይነቱ አይበቃም። ስለዚህ ፖስተርህ ላይ ይህችን ጨምርልኝ፦ «በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ እምቢ ካለዎት፣ 3 ወርም ከሆነው፣ ሕክምና አለው፤ ባለሙያ ያነጋግሩ።»

የረጅም መንገድ ሹፌር፦
ከፈረቃ ወጥተው ራሳቸው የሚነዱትን አትርሳ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። መስኮት መክፈትና ሬዲዮ ማስጮህ አያድንም። እኔ ያለፉትን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ካላስታወስኩ ወይም መስመር መሳት ከጀመርኩ ዳር ይዤ ሞተር አጠፋለሁ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሸለብ ያደርገኛል፣ ከዚያ እቀጥላለሁ። ፋብሪካው በር ላይ አንድ ክፍልና ጥቂት ፍራሽ ቢኖር ከመቶ ፖስተር ይሻላል።

ሌላው ማንኮራፋት ነው። ሰው ይስቅበታል። ግን እያንኮራፋ ድንገት ትንፋሹ የሚቆም፣ ከዚያ አየር ሲስብ የሚደናገጥ፣ ቀን ደግሞ እንቅልፍ የሚጥለው ሰው መመርመር አለበት። ይህን ራሱ አያውቀውም፤ የሚያውቀው አብሮት የሚተኛው ነው። ሲስተር ያሉት ለቤተሰብ የሚሄደው ወረቀት ላይ ይግባ።

የፈረቃ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፕሮግራሙን አሁን አውጥቼ አየሁት። ሲስተር እንዳሉት ወደ ኋላ ነው የሚዞረው፦ ከሌሊት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ጠዋት። ሲቀየር በመሃል የ8 ሰዓት ዕረፍት ብቻ የሚያገኙ ቡድኖች አሉ። መንገዱ ሲቀነስ ስንት እንደሚተኙ አስቡት። ለቤተሰብ የሚሄደውን ወረቀት ዛሬ እጀምራለሁ፣ የሁለታችሁም አረፍተ ነገር ይገባበታል። ሐሙስ ከምርት ክፍል ኃላፊው ጋር ቀጠሮ አለኝ። ሲስተር፣ እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምሩ ነበር?

ሲስተር፦
ስለ ጤና ከማውራትህ በፊት የአደጋ መዝገቡን ይዘህ ግባ። የደረሰውንም ለጥቂት የተረፈውንም በተከሰተበት ሰዓት ደርድረው፣ አጠገቡ ቡድኑ ፈረቃ ከቀየረ ስንተኛ ቀኑ እንደነበር ጻፍ። ከዚያ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ይሁን፦ ዙሩ ወደ ፊት ይሁን፣ በፈረቃ መሃል ቢያንስ 11 ሰዓት ይኑር። ፍራሹን ለሁለተኛው ቀጠሮ አቆየው። ሁሉንም አንዴ ካቀረብክ ፍራሹን ፈቅዶልህ ፕሮግራሙን እንዳለ ይተወዋል። የሰው ስም ሰርዘህ ሰንጠረዡን ረቡዕ ማታ እዚህ ብታስቀምጠው አየዋለሁ። ተረኛ ነኝ፣ አልተኛም።