ምስሉ ላይ የማየው ሕያው ቲ-ሴል ነው ወይስ የተዋጠ?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር አላስኬድ ብሎኛል፤ በዚህ የሠራችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

የአይጥ ቲ-ሴሎችን (የሰውነት መከላከያ ሴሎች) በዚርኮኒየም-89፣ ማለትም ጨረር በሚያወጣ ንጥረ ነገር፣ ምልክት አድርገን በደም ሥር እንሰጣለን። ከዚያ የካንሰር ዕጢውን ሳንነካ በፔት ስካን (ጨረሩን ከውጭ ተቀብሎ ምስል በሚሠራ መሣሪያ) እንከታተላለን። መጀመሪያ ሳንባው ይደምቃል፣ ቀጥሎ ጉበትና ጣፊያ። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ቆይቶ በዕጢው ጠርዝ ላይ ቀጭን ቀለበት ይወጣል፤ መሃሉ ጨለማ ነው። ያን ቀለበት ሳይ በጣም ደስ ይለኛል።

ችግሩ ግን ፔት የሚያየው ዚርኮኒየሙን እንጂ ሴሉን አይደለም። ቲ-ሴሉ ሞቶ ማክሮፋጅ (የሞቱ ሴሎችን የሚውጥ ሴል) ቢውጠው ምልክቱ እዚያው ሊቀር ይችላል። ሕያው ሴል ሲከፋፈል ደግሞ ምልክቱ እየተካፈለ ይሳሳል። ታዲያ ደማቁ ቦታ የሞቱት፣ ደብዛዛው የሚባዙት ቢሆንስ? ከሴል ያመለጠው ዚርኮኒየም አጥንት ላይ ስለሚያርፍ እሱስ ይለያል። ዕጢው ውስጥ ያለው ነው የከበደኝ።

የዚርኮኒየም-89 ግማሽ ዕድሜ (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 78 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ለቀናት ማየት ይቻላል። እናንተ እስከ ስንተኛው ቀን ድረስ ነው ምስሉን የምታምኑት? ሆን ብላችሁ የገደላችሁትን ሴል ለማነፃፀሪያ ሰጥታችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ ይሄን ትቼ ሲዲ8ን (ገዳይ ቲ-ሴሎች ላይ ያለ ፕሮቲን) የሚይዝ ሚኒቦዲ (አነስተኛ ፀረ እንግዳ አካል) ብጠቀም ይሻላል? በየጊዜው ዕጢውን አውጥቶ በማይክሮስኮፕ ማየት መፍትሔ አይሆነኝም፤ ያንኑ አይጥ እስከ መጨረሻው መከታተል እፈልጋለሁ።