የአልፓይን ስኖውቦርድ ጠንካራ ቡት ዋጋው ለምን ይሄን ያህል ተወደደ?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ዴንቨር ነው ያለሁት። ለአልፓይን ስኖውቦርድ (በአንድ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በረዶ ላይ ለመንሸራተት) የሚደረገውን ጠንካራ የፕላስቲክ ቡት ያገለገለ ገዝቼ በሁለተኛው ቀን ቁርጭምጭሚቱ ጋ ያለው ፕላስቲክ ስንጥቅ ብሎ አረፈው። አዲሱ ደግሞ ኪስ ያራግፋል። ረከስ ያለና የተሻለ መሥራት ያን ያህል ከባድ ነው?

መልስ 1፦ ፕላስቲኩ ሲያረጅ ይደርቃል፣ አይፈረድበትም። ዋጋውን የሚያንረው ፕላስቲኩ ቅርጽ የሚይዝበት የብረት ሞልድ ነው ወንድሜ፤ ለተለያየ መጠን፣ ለግራም ለቀኝም ለየብቻ ይቀረጻል፣ ገዢው ግን እፍኝ አይሞላም።

መልስ 2፦ እኔ የተራራ መውጫ የስኪ ቡት ነው የማደርገው። ቀላል ነው፣ ግን ወደፊት ስትጫነው ድርቅ ይላል። ከኋላ ያለውን መቆለፊያ ፈትቼ ስፕሪንግ ገጠምኩበት፣ አሁን ቁርጭምጭሚቴ እንደልቡ ይታጠፋል።

መልስ 3፦ ቆይ፣ የስኪ ቡቱ ሶል ባይንዲንጉ (ቡቱን ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዘው መያዣ) ላይ በደንብ ይቀመጣል? አንዳንዱ ጫፉ አይያዝም፣ ሳትፈትሽ እንዳትወጣ። እኔ ብሆን መጀመሪያ በሙቀት የእግርን ቅርጽ የሚይዝ የውስጥ ሽፋን ነው የምገዛው።