ከፍ የተደረገ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ፦ የኋላ ንዝረትና የባሌስትራ ችግር

ሰማያዊ ፒክአፕ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራ፣ ባለ 2ኤች ናፍጣ ሞተር ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለኝ። የቀድሞው ባለቤት የኋላውን ከፍ ለማድረግ በባሌስትራውና (በተደራራቢው የብረት ስፕሪንግ) በአክስሉ መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት አስገብቶበታል፤ የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን ማንጠልጠያም በረዥም ለውጦታል። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ከመቀመጫው ሥር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጭኖ ዳገት ላይ ሲነሣ ንዝረቱ ይብስና ከኋላ «ዷ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ክሮቸራው (ከካምቢዮ ወደ ኋላ አክስል ኃይል በሚያስተላልፈው ዘንግ ጫፍ ያለው መስቀለኛ መጋጠሚያ) ቢለወጥም ችግሩ ተመልሶ መጣ፤ ጎማዎቹም ባላንስ ተደርገዋል። እንዲህ ዓይነት መኪና ዛሬ ቢፈለግ በቀላሉ ስለማይገኝ ሳልጎዳው ላስተካክለው እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

የሻንሲ ሰው፦
ወንድሜ፣ ከማንጠልጠያው ይጀምሩ። የዚህ መኪና የኋላ ባሌስትራ ፊቱ በአንድ ቦታ የታሰረ ሲሆን ኋላው በማንጠልጠያው ይወዛወዛል። ማንጠልጠያው ሲረዝም የባሌስትራው የኋላ ጫፍ ከሻንሲው ይርቃል፤ አክስሉም አብሮት ስለሚዞር የዲፈረንሻሉ አፍንጫ (ዘንጉ የሚታሰርበት የፊት ጫፉ) ወደ ላይ ይቀናል። ክሮቸራ በማዕዘን ሲሠራ ቀጥሎት ያለው ዘንግ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። ይህን መዛባት በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቸራ የሚያጠፋው የሁለቱ ማዕዘን እኩል ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ ማዕዘኑ ሳይስተካከል የሚገባ አዲስ ክሮቸራ ዕድሜ አይኖረውም።

መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ ባዶውን አቁመው ዘንጉ በቡሎን የሚታሰርባቸውን የካምቢዮና የዲፈረንሻል ፊቶች በውሃ ልክ ወይም በስልክ መለኪያ ይለኩ። ሁለቱ ፊቶች ትይዩ መሆን አለባቸው። ዘንጉ ክሮቸራ ለመለወጥ ሲፈታ በመካከሉ ያለው ተንሸራታች ጥርስ ተለያይቶ ከነበረም፣ በሁለቱ ጫፎች ክሮቸራዎቹን የሚይዙት ሹካዎች በአንድ መስመር ላይ መዋላቸውን ይመልከቱ። በአንድ ጥርስ እንኳ ተዛንፎ ከተገጠመ ይንቀጠቀጣል።

ዳገት ወጪ፦
ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ለእኔ ግን ዋናው ጥፋት በመካከል የገባው ብረት ነው። መኪናው ሲነሣ አክስሉ ወደ ኋላ ለመዞር ይታገላል፤ ባሌስትራው ከአክስሉ በራቀ ቁጥር ይህ ጉልበት እንደ ረዥም መፍቻ ያገኘዋል። ባሌስትራው ለቅጽበት ተጠማዞ ሲመለስ የሚሰማው ነው ያ ድምፅ። ብረቱን ያውጡት። ከፍታው የግድ ካስፈለገ ባሌስትራውን ራሱን ወደ ቀድሞ ቅስቱ ማስመለስ ይሻላል፤ ሥራው ግን በቀዝቃዛው፣ በመዶሻ ወይም በፕሬስ እንጂ በእሳት መሆን የለበትም። በኦክስጂን ነበልባል የተሞቀ ባሌስትራ ጥንካሬውን አጥቶ ከጥቂት ጭነት በኋላ ይተኛል።

የዩ ቅርጽ ያላቸውን ማሰሪያ ቡሎኖች በአዲስ ይተኩ፤ አንድ ጊዜ ተስበው የከረሙት እንደገና በእኩል ኃይል አይዙም። ጥቂት መንገድ ጭነው ከሄዱ በኋላ ዳዶዎቹን ደግመው ያጥብቁ። በባሌስትራው መሐል የሚያልፈው ቡሎን ተቆርጦ ከሆነ አክስሉ በዚያ በኩል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የግራና የቀኙን ርቀት ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በሜትር ማመሳከር ይህን ይገልጠዋል።

ጎሚኒ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ከፍ የተደረገ መኪና ባዶውን ሲቆም አሞርዛተሩ (የባሌስትራውን ንዝረት የሚያበርደው በዘይት የሚሠራ ቱቦ) ወደ መጨረሻው ተዘርግቶ ይገኛል፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቀሪ መንገድ ስለማይኖረው ዘይት ያፈሳል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ወደ ኋላ አክስል የሚወርደውን የፍሬን ጎማ ቱቦ ይዩ። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ቱቦው ከተወጠረ መኪናው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም።

ሰማያዊ ፒክአፕ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለካሁት፤ ካምቢዮው በስተኋላ 4 ዲግሪ ወደ ታች ያዘነብላል፣ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ደግሞ 9 ዲግሪ ወደ ላይ ቀንቷል። ሹካዎቹ በመስመራቸው ናቸው፤ የፍሬኑ ቱቦ ግን አክስሉ ሲንጠለጠል ይወጠራል። ስለዚህ መኪናውን አቁሜዋለሁ። የፋብሪካውን ልክ ማንጠልጠያ ከነጎሚኒው (ከነመጋጠሚያ ላስቲኩ) አግኝቻለሁ፤ የገባውን ብረት አውጥቼ ባሌስትራውን በፕሬስ አስቀስታለሁ። ከዚያ በኋላ ማዕዘኑን ደግሜ እለካለሁ፤ 1 ወይም 2 ዲግሪ ልዩነት ከቀረ ባሌስትራው ከአክስሉ በሚቀመጥበት ላይ ቀጭን የብረት ሽብልቅ አስገብቼ አስተካክለዋለሁ። የአሞርዛተሩን ርዝመት የምወስነው አዲሱ ቁመት ከታወቀ በኋላ ነው።