የባትሪ ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ፤ ያለ ደህና ላብራቶሪ ከየት ልጀምር?

ጀማሪው፦ ሰላም ቤተሰብ። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ጨርሼ አንድ ዩኒቨርሲቲ ረዳት ምሩቅ ነኝ። በባትሪ ፒኤችዲ መሥራት ነው ሐሳቤ። ማስተርስ ገና የለኝም። ግሎቭ ቦክስ (አየርና እርጥበት የማይገባበት፣ በጓንት የሚሠራበት ሳጥን) በግቢያችን የለም፤ ፖቴንሺዮስታቱም (ቮልቴጅና ከረንት የምንቆጣጠርበትና የምንለካበት ማሽን) ንባቡ እየዋለለ ተበላሸ ተብሎ ተቀምጧል። ለፕሮፌሰሮች የጻፍኩትን ኢሜይል ሁሉ ውሃ በላው። 31 ዓመቴ ነው፣ ጊዜው አልፎብኝ ይሆን?

አኖድ፦ ወንድሜ፣ «በባትሪ ላይ ፍላጎት አለኝ» የሚል ኢሜይል በየቀኑ ይጎርፍላቸዋል። በቅርብ ያሳተሙትን አንብብና አንድ ግራፍ ላይ ጠይቅ። የሴሉ አቅም የወረደው ሊቲየሙ ግራፋይቱ (ኔጌቲቭ ኤሌክትሮዱ) ላይ በሚሠራው ኤስኢአይ በሚባለው ስስ ሽፋን ተይዞ ነው ወይስ ካቶዱ (ፖዘቲቭ ኤሌክትሮዱ) ተሰነጣጥቆ? በቃ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር። ዕድሜውን ተወው። ሳይንቲስቱ ጆን ጉድኢናፍ በሊቲየም አዮን ባትሪ ሥራቸው ኖቤል የተሸለሙት በ97 ዓመታቸው ነው።

ቡና በወተት፦ ማሽኑ ተበላሽቷል ከማለትህ በፊት ሪፈረንስ ኤሌክትሮዱን (ቮልቴጁ የሚነጻጸርበትን) እየው። የብር/ብር ክሎራይድ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲደርቅ ንባቡ ይዋልላል። ስንት ላብራቶሪ በዚህ ምክንያት ተቆልፏል መሰለህ!

ጀማሪው፦ አሁን አየሁት። ቱቦው ውስጥ የቀረው ነጭ ጨው ብቻ ነው። ምን ልሙላበት?

ቡና በወተት፦ ፖታሲየም ክሎራይድ። ብዙ ጊዜ 3 ሞላር ነው፤ ግን መመሪያው ላይ የተጻፈውን ተከተል። ጫፉን እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ነክረህ አሳድረው። ከተስተካከለ በብረት ዝገት ጀምር። ዝገትም ኤሌክትሮኬሚስትሪ ነው፣ ግሎቭ ቦክስ ደግሞ አይፈልግም።

ሜሪ፦ እኔ በሲሙሌሽን ነው የገባሁት። ፓይባም የሚባል በፓይተን የሚሠራ ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ያንኑ ሴል አንዴ በአንድ ሰዓት፣ አንዴ በግማሽ ሰዓት በሚያልቅበት ፍጥነት ዲስቻርጅ አድርገው። ሁለተኛው ለምን ቶሎ ቮልቴጁ እንደሚወርድ በራስህ አባባል ጻፍና ኮዱን ጊትሃብ (ኮድ የሚጋራበት ድረ ገጽ) ላይ ጫን። ከሲቪህ ይልቅ እሱን ያዩልሃል።

የስዊድኑ፦ እዚህ ፒኤችዲ በአብዛኛው ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። ስለዚህ «ስኮላርሺፕ» እያልክ አትፈልግ፤ የዩኒቨርሲቲዎቹን የሥራ ማስታወቂያ ተከታተል። ኡፕሳላ ጠንካራ የባትሪ ቡድን አለ። ላንተ ግን መጀመሪያ ማስተርሱ ይቅደም፤ የኢራስመስ ሙንዱስን (የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ መርሐ ግብር) የኃይል ማከማቻ ቁሶች ፕሮግራም እየው። ደግሞ ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። 20 ሚሊሜትር ስፋት ያላትን የሳንቲም ሴል በግሎቭ ቦክሱ ወፍራም ጓንት ስትገጣጥም ሴፓሬተሩ (ሁለቱን ኤሌክትሮዶች የሚለየው ስስ ሽፋን) እየተንሸራተተ ያናድድሃል። ከሳጥኑ አውጥተህ በእጅህ እንዳትሠራው፣ የኤሌክትሮላይቱ (የባትሪው ፈሳሽ) ጨው እርጥበት ሲነካው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያወጣል።