በክረምት የሚሻግት ቁም ሳጥን
ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ ክፍል ቤት ነው የምኖረው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ፣ መስኮቱ አንድ ብቻ። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ቁም ሳጥኑ መሽተት ጀምሯል፤ የቆዳ ጫማው ነጭ ሻጋታ አበቀለ፣ ነጠላው እጥፋቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያዘ። የሚያሳዝነኝ ነጠላው ነው፤ ነጠብጣቡ በአጃክስም በበረኪናም ሙልጭ ብሎ አይለቅም፣ በረኪናው ደግሞ ጥለቱን ያነጣዋል።

ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅኩት፤ ከሥሩ ጡብ አስገባሁ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ከሰል በጣሳ አለ፣ ፀሐይ በወጣ ቁጥር አሰጣዋለሁ። ልብስ ኪሱና ስፌቱ ተዳሶ ካልደረቀ አይገባም፤ ላዩ ደርቆ ስፌቱ እርጥብ ከሆነ ሽታው ከዚያ ይነሳልና። ጫማውን በኮምጣጤ ብጠርገውም ሻጋታው ተመልሶ መጣ።

የቀረው አየር ማስገባቱ ነው። ቤት የምገኘው ጠዋት እስከ 2 ሰዓትና ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ስከፍት የሐይቁ አየር ራሱ እርጥብ ነው። ማታ ስከፍት ቢንቢ ይገባል፣ ወጥም የሚሠራው እዚያው ክፍል ውስጥ ስለሆነ እንፋሎቱ አለ።

በእነዚህ ሰዓቶች መስኮቱንና ሳጥኑን በየቀኑ መቼና ለምን ያህል ጊዜ ብከፍት ነው እርጥበቱ የሚወጣልኝ?