ዲኤክሴ ጣርማበር ላይ ውሃ ታፈላለች፤ ቴስታታ ይውረድ ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ጠያቂ፦ መምህርት ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። መኪናዬ አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ናት፤ ሞተሯ 4ኬ፣ ባለ ካርቡራተር። የገዛኋት ካቻምና ነው፣ ከእኔ በፊት ብዙ እጅ አልፋለች። የማስተምረው ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ግን ሸዋ ሮቢት ናት፣ ትታመማለች። በየአሥራ አምስት ቀኑ እወርዳለሁ፤ የሐኪም ቀጠሮ ካላት ይዣት እወጣለሁ።

ከሸዋ ሮቢት ስነሳ መኪናዋ ደህና ናት። ደብረ ሲና እስክደርስ የሙቀት ጌጁ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ከደብረ ሲና ወጥቼ ጠመዝማዛውን ስይዝ ግን፣ ገና የጣርማበር ዋሻ ጋ ሳልደርስ ወደ ቀዩ ይጠጋና ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል። ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ይዤ ጉም ውስጥ መንገድ ዳር ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ነው ጎማውን በድንጋይ አስደግፎ፣ የራሱን ውሃ ሰጥቶን የሄደው፤ እግዚአብሔር ይስጠው። በሜዳው ወደ ጫጫና ወደ ሸኖ ስሄድ ምንም አትልም።

ከሁለት ወር በፊት ያየልኝ መካኒክ «ቴርሞስታት ለኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን ይህን ዕቃ አውጥቶ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ዳገቱ ላይ ግን እንደበፊቱ ታፈላለች። ሌላው ደግሞ የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ከውስጡ የተለጠፈ ነጭ አረፋ አሳየኝና «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታ መውረድ አለበት» አለኝ፤ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ። የጠየቀኝ የሁለት ወር ደመወዜን ነው።

እኔ ራሴ ያስተዋልኩት አለ። ማታ ሞልቼው ያደረ ራዲያተር ከመንገድ መልስ ሲቀዘቅዝ ስከፍተው አንድ ሊትር ያህል ጎድሎ ይገኛል፤ ጎኑ ያለችው የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን እስከ አፏ ሞልታለች። አንዳንድ ቀን ጧት ኮፈኑን ስከፍት የላይኛው የራዲያተር ጎማ ውስጥ ለውስጥ እንደተመጠጠ ጭምድድ ብሏል። ይህ ምን ማለት ይሆን? ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ንገሩኝ።

የአጣዬ ልጅ

እህቴ፣ የኔ እንዲህ ያደረገችኝ በውሃ ፓምፑ ነበር። ከፓምፑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከእሷ ውሃ የሚንጠባጠብ ወይም የደረቀ የዝገት መስመር ካለ ፓምፑ አልቋል። ቺንጋውንም (ፓምፑን የሚያዞረውን ቀበቶ) በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ ከረገበ ቬንትሌተሩም (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ፓምፑም እየተንሸራተቱ ነው።

ሰላም መንገድ

ራዲያተሩ ውስጥ የሁለት እንቁላል አስኳል ጨምሪበት፣ ቀዳዳ ካለ ይደፍነዋል። አያቶቻችን ያደርጉት ነበር።

ጋራዥ ነኝ፣ 22 ዓመት

እንቁላሉን እባካችሁ ተዉት። ቀዳዳውን ሊደፍን ይችላል፣ ግን የራዲያተሩን ጠባብ ቱቦዎችም አብሮ ይደፍናል። ሰው በረሃ ላይ ተቸግሮ ያደረገውን በከተማ መምከር ደግ አይደለም።

መምህርት፣ ምልክቱን ራስዎ አግኝተውታል። ጠርሙሱ ሞልቶ ራዲያተሩ ከጎደለ፣ ጎማውም ከተጨማደደ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የራዲያተሩ ታፖ ነው፤ ክዳኑን ማለቴ ነው። ታፖው ሁለት ሥራ አለው። ሲሞቅ ውሃውን አፍኖ ግፊት ይይዛል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ መሐሉ ላይ ባለችው ትንሽ ቫልቮላ በኩል ወደ ጠርሙሱ የወጣውን ውሃ መልሶ ይስባል። ትንሿ ቫልቮላ ከተጣበቀች ውሃው አይመለስም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ባዶ ይሆንና ጎማውን ይመጥጠዋል። የእርስዎ ይኸው ነው።

አሁን ለምን ጣርማበር ላይ ብቻ እንደሚሆን ልንገርዎ፤ ይህን ብዙ መካኒክ አያስረዳም። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ወደ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት 96 ገደማ፣ ደብረ ብርሃንና ዋሻው አካባቢ ደግሞ 90 አካባቢ ነው የሚፈላው። የቶዮታ ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ82፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ነው። እንግዲህ ያስቡት፤ ሞተሩ በጤናው ቀን የሚሠራበት ሙቀት በጣርማበር ላይ ውሃ ከሚያፈላው ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። ይህን የሚያድነው ታፖው ብቻ ነው። ላዩ ላይ 0.9 የሚል (የሚይዘው ግፊት ልክ ነው) ጤነኛ ታፖ እዚያ ከፍታ ላይ እንኳ ውሃው 110 ዲግሪ እስኪያልፍ እንዳይፈላ ይይዘዋል። ታፖው ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ ውሃው ይፈላል፤ እንፋሎት ደግሞ ቴስታታውን እንደ ውሃ አያቀዘቅዝም፣ ከዚያ ወዲያ ጌጁ እውነተኛውን ቀይ ይይዛል። በሜዳው የማይታየው ሞተሩ ስለማይጨነቅ ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ዋሻው በሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ነው የሚወጡት።

ስለ ነጩ አረፋ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ቴርሞስታቷም ወጥቷል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ አጭር መንገድ ሲሠራ በዘይት ክዳኑ ውስጥ እርጥበት ተጠራቅሞ አረፋ ይሆናል። ክዳኑ ላይ ብቻ ከሆነ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ አያሰኝም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያውጡት፤ ዘይቱ ራሱ ማኪያቶ ከመሰለ ያኔ ነው የሚያስፈራው።

ከመክፈልዎ በፊት ይህን ያድርጉ። ጧት፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ፣ ታፖውን ከፍተው ውሃውን እስከ አፉ ይሙሉ። አስነስተው ያስተውሉ። መጀመሪያ ላይ ታፍኖ የቆየ አየር ትንሽ ሊያስፈነጥቅ ይችላል፣ እሱ ያልፋል። ነዳጅ ሲሰጡት አረፋው እየባሰና ሳያቋርጥ ከወጣ ግን ከሲሊንደር የሚመጣ ጋዝ ነው፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው መካኒክ እውነቱን ነው። ታፖውን በሙቀት ጊዜ እንዳይነኩት! ፊቱ በእንፋሎት የተቃጠለ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ።

የደሴ መስመር ሹፌር

የጋራዡ ወንድሜ ጥሩ አድርጎ አስረድቷል። እኔ ስለ አነዳዱ ልጨምር፤ እናትሽን ጭነሽ ስለምትወጪ ያሳስበኛል።

ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። በሦስተኛ ማርሽ እያቃሰተች ነዳጁን እስከ ወለሉ አትርገጪው። ቬንትሌተሩና የውሃ ፓምፑ የሚዞሩት በሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ሲያዘግም እነሱም ያዘግማሉ፣ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። ጠመዝማዛው ሳይጀምር ሁለተኛ አስገቢና በረጋ ዙር ውጪ፤ ከኋላ ጡሩምባ ለሚነፋ አትጨነቂ፣ ሰፊ ቦታ ስታገኚ አሳልፊው። ጌጁ መውጣት ሲጀምር የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቺ። ትንሽ ራዲያተር ማለት ነው፣ ሙቀት ይቀንስልሻል።

እንፋሎት ከወጣ ደግሞ ከመታጠፊያ ርቀሽ ቁሚ፤ ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ከኋላ የሚመጣ አያይሽም። አጥፊና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሰው ቴስታታ የሰነጠቁ ብዙዎች ናቸው፤ የ4ኬ ቴስታታ አልሙኒየም ነው፣ ይጣመማል። ጎማ ያስደገፍሽበትን ድንጋይም ስትነሺ ከመንገዱ አንሺው። ማታ ያንን ድንጋይ የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው።

ቆላ ነጂ (ሸዋ ሮቢት)

በሁሉም እስማማለሁ፣ በቴርሞስታቱ ግን አልስማማም። እኔ አውጥቼው ስድስት ዓመት ነዳሁ፣ ምንም አልሆነችም። ከተጣበቀ እኮ ሞተር ይገድላል። ቆላ ላለ ሰው ምን ያደርግለታል?

ጋራዥ ነኝ፣ 22 ዓመት

ወንድሜ፣ አንተ ሸዋ ሮቢት ሆነህ ላያስታውቅህ ይችላል። እሷ ግን ደብረ ብርሃን ናት። ያለ ቴርሞስታት ጧት ትምህርት ቤት እስክትደርስ ሞተሩ አይሞቅም፤ ቤንዚን ይበላል፣ ያልነደደው ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ፋሻና (የፒስተን ቀለበትና) ሲሊንደር ይበላል። መጣበቁን ከፈራህ ሳይገጠም በድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥለህ አፍላው፤ ሲሞቅ ከተከፈተና ሲቀዘቅዝ ከተዘጋ ጤነኛ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሆነህ ስታፈላው ግን ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ አትጣለው፤ ውሃው 90 ላይ ነው የሚፈላው፣ 95 አይደርስለትም። መከፈት መጀመሩን ማየት ይበቃል።

ጠያቂ፦ መምህርት ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ለማመስገን ቃላት የለኝም። እሁድ ጧት ከወንድሜ ጋር አየነው። የዘይት ዘንጉ ንጹሕ ነው፣ ጥቁር ዘይት ብቻ። ራዲያተሩን ሞልተን ስናስነሳ መጀመሪያ ሦስት አራት ጊዜ ቡልቅ አለ፣ ከዚያ ዝም፤ ነዳጅ ስንሰጣትም ምንም አልወጣም። የታፖው ጎማ እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፣ መሐሉ ያለችው ትንሿ ቫልቮላም በጥፍሬ ብስባት አልንቀሳቀስ አለች።

አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። ሞተሩን አጥፍተን ወንድሜ የራዲያተሩን ፊት በእጁ ሲዳስስ ላይኛው ክፍል ያቃጥላል፣ ታች በግራ በኩል ያለው ቀዝቃዛ ነው። ይሄስ?

ጋራዥ ነኝ፣ 22 ዓመት

እሰይ! የቴስታታውን ነገር ይርሱት። ቀዝቃዛ የሆነው ቦታ ውሃ አያልፍበትም፤ ቱቦዎቹ በዝገትና በጨው ተደፍነዋል። ዕድሜዋን ሙሉ የቧንቧና የምንጭ ውሃ ስትጠጣ የኖረች መኪና ናት፣ አይገርምም። ታፖ ብቻ ቢቀይሩ ለጊዜው ይሻላታል፣ ግን ግፊቱ ሲጨምር የደከመው ራዲያተር በሌላ በኩል ሊያፈስ ይችላል። የድሮው ራዲያተር የመዳብና የናስ ከሆነ መልካም ነው፤ ራዲያተር ሠሪው የላይኛውን ታንክ በእሳት አንስቶ፣ ቱቦ ቱቦውን በቀጭን ብረት ጠርጎ መልሶ ይበይደዋል። በአልሙኒየምና በፕላስቲክ ተቀይሮ ከሆነ ግን መጥረግ አይቻልም። ሲወርድ በቬንትሌተሩ ዙሪያ ያለው መከለያ መኖሩን ይዩ፤ ከሌለ ቬንትሌተሩ አየሩን ከራዲያተሩ ሳይሆን ከጎንና ከጎን ነው የሚስበው።

የአጣዬ ልጅ

ሠሪው ሲጨርስ በውሃ ገንዳ ነክሮ፣ በአየር ሞልቶ ፊትሽ ያሳይሽ። ሳታዪ አትክፈዪ።

ጠያቂ፦ መምህርት ከደብረ ብርሃን

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ራዲያተሩ የናስ ነበር፣ ተጠረገ፤ ከውስጡ የወጣው ዝቃጭ ቀይ አፈር ይመስላል። ባለ 0.9 ታፖና ባለ 82 ቴርሞስታት ገዝቼ አስገጠምኩ። መከለያው ጠፍቶ ነበር፣ ከአሮጌ መኪና የወጣ አገኘንለት። ሁሉም ተደምሮ ከተጠየቅሁት ገንዘብ ሩቡን እንኳ አልሞላም።

ትናንት እናቴን ይዤ ወጣሁ። ደብረ ሲና ላይ ቆመን ሻይ ጠጣን፣ ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ ያዝኩት። ዓይኔ ከጌጁ አልተነቀለም፤ እናቴም እያየችው «አሁንስ?» ትለኛለች በየመታጠፊያው። ዋሻውን ስናልፍ ከግማሽ ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር፣ ከዚያ አልወጣም። ጧት ስከፍተው ራዲያተሩ ሙሉ ነው፣ ጎማውም ደህና።

አሁን ያለባት ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ኩላንት (ውርጭና ዝገት የሚከላከለው ፈሳሽ) የግድ ነው? ስንት ይገባባታል?

ጋራዥ ነኝ፣ 22 ዓመት

እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ።

ደብረ ብርሃን ላይ ግድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ ውጭ ያደረ ንጹሕ ውሃ ሊረጋና ራዲያተሩን ወይም ሞተሩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ውሃ ያድርጉት፤ ለብርዱ ከበቂ በላይ ነው፣ ዝገቱንም ይከላከላል። የብረት ብሎክና የአልሙኒየም ቴስታታ በንጹሕ ውሃ አብረው ሲኖሩ ነው ያ ቀይ ዝቃጭ የሚመጣው። ውሃው የተጣራ ወይም የዝናብ ይሁን። መጀመሪያ የተቀላቀለውን ይሙሉ፣ ማሞቂያውን ከፍተው ሞተሩን እስኪሞቅ ያስነሱት፣ ሲቀዘቅዝ የጎደለውን ይጨምሩ። ትርፉን በሁለት ሊትር ጠርሙስ ኮፈን ውስጥ ሳይሆን ከኋላ ይያዙ፤ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃንና ውሻ እንዳይደርስበት፣ መርዝ ነው።

የደሴ መስመር ሹፌር

መውጣቱ ተስተካክሏል፣ አሁን የፍሬን ዘይቱን አስቀይሪ። ስትወርጂ በዜሮ ማርሽ አትልቀቂያት፤ የወጣሽበት ማርሽ ያውርድሽ።