ጠዋት አልነሳ ያለች ዲኤክስ፦ የቤንዚን ፖምፓው ነው ወይስ ካርቡራተሩ?

ሰላም፣ የድሮ ቶዮታ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) በደንብ የምታውቁ እርዱኝ። መኪናዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ ሞተሯ 4ኬ። የምታድረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ጠፍታ ካደረች ጠዋት ሞተሪኖው ብዙ ካልዞረ አትነሳም። አንዴ ከሞቀች ግን ቁልፍ ሲነካ ትነሳለች።

ባትሪ ቀይር እንዳትሉኝ፤ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት፣ ሞተሪኖው ሲዞር 10.4 ነው። የካንዴላዎቹ ክፍተት 0.8 ሚሊሜትር፣ እሳታቸው ሰማያዊ ነው። ጠዋት ሲፈቱ ደረቅ ናቸው፤ ስለዚህ ቤንዚን አልደረሳትም እንጂ አልበዛባትም። ቾኩም (ለብርድ ማስነሻ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሙሉ በሙሉ ይዘጋል።

ጥርጣሬ ያመጣችው ካርቡራተሩ ላይ ያለችው፣ የቤንዚኑን ልክ የምታሳየው ትንሽ መስታወት ናት። ማታ ቤንዚኑ ምልክቱ ላይ ነው፤ ጠዋት መስታወቷ ባዶ ናት። በካርቡራተሩ አፍ አንድ ማንኪያ ቤንዚን ሲጨመር ወዲያው ትነሳለች።

የፖምፓው ቫልቭ ቤንዚን ወደ ታንከሩ ቢመልስ የሚያደርቀው ቱቦውን ነው። ካርቡራተሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ግን መሳብ አይችልም፣ መግቢያው ከላይ ነውና። ታዲያ ያ ቤንዚን የት ይሄዳል? ከውጭ እርጥበትም ሽታም የለም። ምናልባት ፓወር ቫልቩ (ሞተሩ ኃይል ሲፈልግ ተጨማሪ ቤንዚን የሚለቀው) ሌሊቱን ወደ ውስጥ እያንጠባጠበ፣ ፖምፓውም ደክሞ ይሆናል።

ካርቡራተሩን ሳልፈታ ሁለቱን በምን ልለይ? ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያ ማሸጊያ) እና ፓወር ቫልቭ ያለው የጥገና ኪትስ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ይገኛል?